ለልጄ፦ ፎቶ አይተሽ ቶሎ አትለፊ

ሚሚዬ እንዴት ነሽ የኔ ቆንጆ፣ ትምህርቱስ እንዴት ይዞሻል? ሰሞኑን ግሩፑ ላይ ያ የጦርነት ፎቶ ሲለቀቅ ሁሉም ሼር ለማድረግ ሲጣደፍ አንቺ ብቻ "የት ነው የተነሳው? መቼ ነው?" ብለሽ ስትጠይቂ በጣም ነው ደስ ያለኝ፣ እውነትም የሌላ አገር ሆኖ ተገኘ። እስቲ እኔ ፎቶ ማየት የተማርኩባትን አንዲት ፎቶ ልንገርሽ።

እኛ ኢንተርኔት ስንጀምር በስልክ መስመር ነበር፣ ሞደሙ እየጮኸ ይገናኝና ፎቶው ከላይ ወደ ታች ትንሽ ትንሽ እያለ ይመጣል፣ መጀመሪያ ፀጉር፣ ቀጥሎ ግንባር፣ ከዛ አይን፣ እስኪያልቅ ሌላ ስራ ስለሌለሽ እያንዳንዱን ነገር ታይዋለሽ። ጉግልም ገና ነበር። ያሁ ነበር ያለው፣ ድረገጾቹን ሰዎች ራሳቸው እያዩ በየዘርፉ የደረደሩበት፣ አርት ብለሽ ገብተሽ ከዛ ፎቶግራፍ፣ ከዛ አንዱ ሊንክ ለሌላው እያቀበለሽ ጭራሽ ያላሰብሽበት ትደርሻለሽ። ላይብረሪ ኦፍ ኮንግረስ፣ የአሜሪካ ትልቁ የመንግስት ቤተመጻሕፍት፣ በነፃ የከፈተውን የድሮ ፎቶዎች ክምችት ያገኘሁትም እንደዛ ስዞር ነው።

እዛ ውስጥ ዶሮቲያ ላንግ የምትባል አሜሪካዊት ፎቶ አንሺ እ.ኤ.አ. በ1936 ካሊፎርኒያ ኒፖሞ፣ የአተር ለቃሚዎች ካምፕ ያነሳቻት እናት አለች፣ አይተሻታል፣ እጇን ጉንጯ ጋ አድርጋ አሻግራ የምታየዋ፣ ሁለት ልጆች ፊታቸውን አዙረው ትከሻዋ ላይ የተደገፉባት። እኔ ያቺን አንዷን ብቻ ነበር የማውቀው፣ ላይብረሪው ጋ ግን በዛው ቀን የተነሱት ሌሎቹም አሉ! ራቅ ተብሎ በተነሳው ላይ ድንኳኑ ይታያል፣ ትልቋ ልጅ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፣ ታዋቂዋ ፎቶ ላይ ግን የለችም። ከታች በስተቀኝ ደግሞ የድንኳኑን ምሰሶ የያዘ አውራ ጣት ነበር፣ ላንግ አበላሸብኝ ብላ በኋላ አስጠፋችው፣ ሳይነካ የቀረው ኮፒ ስላለ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገሽ ማየት ትችያለሽ። ፎቶሾፕ ሳይፈጠር ማለት ነው።

ከስር የሚጻፈውንም ዝም ብለሽ አትመኚ። ላንግ ምግብ ለመግዛት የመኪናቸውን ጎማ ሸጡ ብላ ጽፋለች፣ ቤተሰቡ ግን አልሸጥንም ነው ያለው። ስሟንም አልጠየቀቻትም፣ ፍሎረንስ ኦውንስ ቶምፕሰን እንደምትባል የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፣ ያውም ቸሮኪ ናት፣ ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ወገን፣ አለም ሁሉ ነጭ ገበሬ ናት ሲል የኖረው። ከፎቶው አምስት ሳንቲም አላገኘሁም ብላ ተናግራለች፣ እኔ እዚህ ጋ ሁሌ ይከፋኛል። ረሃቡ ግን እውነት ነበር፣ ፎቶዎቹ ጋዜጣ ላይ ወጥተው ለካምፑ ምግብ ተልኳል፣ ምግቡ ሲደርስ ግን እሷ ከልጆቿ ጋር ሄዳለች።

አሁን ፎቶውን ጉግል ላይ አስገብተሽ ሌላ የት የት እንደወጣ በሰከንድ መፈለግ ትችያለሽ፣ ጥሩ ነው ተጠቀሚበት፣ ግን ከዛ በፊት ራስሽ እይው። ማን አነሳው፣ ማን ከፈለው፣ ከጎኑ ምን ተቆርጦ ወጣ እያልሽ።

ክምችቱ አሁንም በነፃ ነው። ጊዜ ስታገኚ ግቢና መሀላቸው ላይ ጥቁር ክብ ያለባቸውን ፈልጊ፣ ላንግ ትሰራበት የነበረው የመንግስት የፎቶ ክፍል ሃላፊ ሮይ ስትራይከር ያልወደደውን ኔጌቲቭ፣ ፎቶው የሚታተምበትን ፊልም ማለት ነው፣ ይበሳው ስለነበር ነው። አንዱን መርጠሽ ለምን የጣለው ይመስልሻል፣ ጻፊልኝ፣ እኔም የመረጥኩትን እልክልሻለሁ።

የሚወድሽ አባትሽ