የተዘጋው መንገድ የማን ነበር?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ

ባለፈው ሰሞን በአጥር ስለተከለሉ የመኖሪያ መንደሮች ያወጣችሁትን ፅሁፍ አንብቤዋለሁ፣ ጥሩ ነው ግን ከውስጥ ሆኖ የተፃፈ ነው የመሰለኝ። ስለ ንፅህናው፣ ስለ ፀጥታው፣ ልጆች ያለ ስጋት ሳይክል ስለሚነዱበት መንገድ ምናምን ብዙ ተብሏል፣ ከግቢው በር ውጪ ስለቀረነው ግን አንድ መስመር የለም፣ እሱን ልፃፍ ብዬ ነው።

እኔ የምኖረው ከእንደዚህ አይነት ግቢ ጀርባ ነው። ግንቡ ከመሰራቱ በፊት ልጆቻችን ትምህርት ቤት የሚሄዱበት ማቋረጫ ነበር፣ አስር ደቂቃ አይሞላም። አሁን ዙሪያውን ሲሄዱ አርባ ደቂቃ ይፈጅባቸዋል፣ ያውም መኪና በሚከንፍበት ዋና መንገድ ዳር። ማንም የጠየቀን የለም፣ አንድ ቀን ጠዋት ስንነሳ ብሎኬቱ ተደርድሮ አገኘነው በቃ። ይሄ የኛ ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ፣ የፔሩ ዋና ከተማ ሊማ ውስጥ የሀብታሞቹን ሰፈር ከኮረብታው ድሆች የሚለይ 10 ኪሎሜትር ገደማ ግንብ ተሰርቶ ነበር፣ ህዝቡ "የሀፍረት ግንብ" ነው የሚለው። በአንዱ በኩል መዋኛ ገንዳ አለ፣ በሌላው በኩል ሰዉ ውሃ ከቦቴ እየገዛ ነው የሚጠጣው። የሀገሪቱ ህገመንግስት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ላይ የግንቡ አንዱ ክፍል እንዲፈርስ ወስኖ በ2023 ማፍረስ ተጀመረ፣ የሰውን የመንቀሳቀስ መብት ይነካል ብሎ። ያን ዜና ስሰማ ያሰብኩት የኛን ልጆች ነው።

ጓደኛዬ እዛው ግቢ ውስጥ ነው የሚኖረው። ልጠይቀው ስሄድ ጌቱ ላይ መታወቂያ አስይዤ ጥበቃው እስኪደውልለት እጠብቃለሁ፣ እሱስ ግድ የለም። ከአእምሮዬ አልወጣ ያለኝ ሌላ ነው። አንድ ቀን እዛው ቆሜ አንዲት ተመላላሽ ሰራተኛ ስራዋን ጨርሳ ስትወጣ ጥበቃው ቦርሳሽን ክፈቺ አላት፣ ከፈተች። የታጠፈ የስራ ልብስ፣ ማበጠሪያ፣ ያለቀ ሊባል ምንም ያልቀረው ሳሙና። ሳሙናውን አንስቶ ያንቺ ነው የቤቱ? ብሎ ጠየቃት፣ አንገቷን ደፍታ የኔ ነው አለች። እሷ እቃዋን እየሰበሰበች እያለ የነዋሪ ስቲከር የለጠፈ መኪና ሲወጣ በሩ ወዲያው ተከፈተለት፣ ምን ጭነሃል ያለው የለም። ጥበቃውን አልወቅሰውም፣ የታዘዘውን ነው የሚሰራው፣ እሱም ሲወጣ ይፈተሻል።

አጥሩ ሲቆም ሰው ሳያውቀው አይኑ ይለወጣል፣ የማያውቀው ሰው ሁሉ ሌባ ይመስለዋል። አሜሪካ ፍሎሪዳ ሳንፎርድ ከተማ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 26 ቀን 2012 የተገደለው ትሬቮን ማርቲን የ17 አመት ልጅ ነበር፣ የታጠረ መንደር ውስጥ ከአባቱ ጋር በእንግድነት የመጣ፣ ከሱቅ ከረሜላና መጠጥ ገዝቶ ሲመለስ ነው የሰፈሩ በጎ ፈቃደኛ ጠባቂ ተጠራጥሮት ተከትሎ የተኮሰበት። ልጁ እንግዳ ነበር እንጂ ሰርጎ ገብ አልነበረም።

ግን እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው። ጓደኛዬ ድሮ እኛ ሰፈር ሲኖር ውሃ ከጠፋ ከእኛ ጋር ቢሮ ድረስ ሄዶ የሚጨቃጨቅ ሰው ነበር፣ ማመልከቻውን የሚፅፍልን እሱ፣ የማንን በር ማንኳኳት እንዳለብን የሚያውቀው እሱ፣ የተማረ ስለሆነና ሰው ስለሚያውቅ ይሰሙታል። አሁን ግቢው የራሱ ጉድጓድ አለው፣ ጀነሬተር አለው፣ ቆሻሻውን የሚያነሳለት ሰው አለው። በቀደም ሶስት ሳምንት ሙሉ ውሃ ጠፍቶ ስነግረው "እንዴ! ጠፍቶ ነበር እንዴ?" አለኝ። ክፋት የለውም እኮ፣ አላወቀም፣ የሚያውቅበት ምክንያት የለውማ። እኛ ጋ የቀረው የሚሰማው የሌለ ሰው ነው፣ ቢሮ ስንሄድ ነገ ኑ እንባላለን፣ ቧንቧው ዛሬም እንደተሰበረ ነው። የግቢው ነዋሪዎች ደግሞ በየወሩ ለግቢው እየከፈልኩ ግብሩን ለምን ብዬ እጨምራለሁ ማለት ይጀምራሉ፣ አይፈረድባቸውም ሁለቴ እየከፈሉ ነው፣ ግን እንደዛ ሲባል የጋራው ነገር ከነጭራሹ ባለቤት ያጣል።

ውስጥ ያለውም ሰው ቢሆን ሙሉ ዜጋ ነው ለማለት ይከብደኛል። የነዋሪዎች ማህበሩ ላይ ድምፅ የሚሰጠው ብዙ ጊዜ ባለቤት ነው፣ ተከራይ አይጠየቅም፣ የቤት ሰራተኛና ጥበቃማ ጭራሽ አይታሰቡም፣ ቀኑን ሙሉ እዛ እየዋሉ። ኒው ጀርሲ ውስጥ ነዋሪዎች ደጃችን ላይ የፖለቲካ ፅሁፍ እንደልባችን እንዳንሰቅል ማህበሩ ገደበን ብለው ከሰው ነበር፣ የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2007 ለማህበሩ ነው የፈረደው። በራስህ ቤት ደጃፍ የምታምንበትን የትና ስንት እንደምትለጥፍ ማህበሩ ይወስንልሃል ማለት ነው።

ሰው ለምን እንደሚገባ ግን ይገባኛል። ቤቱ የተሰረቀበት፣ ልጁን ማታ ደጅ ማስወጣት የሚፈራ ሰው አጥር ቢፈልግ ምን ይባላል፣ እኔም ብሩ ቢኖረኝ ላስበው እችላለሁ። የምጣላው ከሰዎቹ ጋር አይደለም፣ መንገድ አካቶ እንዲታጠር ከሚፈቅደው አካል ጋር ነው። ቤትህን እጠር፣ የሰው መተላለፊያ ግን አብረህ አትጠር። ቻይና እ.ኤ.አ. በ2016 አዲስ የታጠሩ መንደሮች በመርህ ደረጃ እንዳይሰሩ፣ የነበሩትም የውስጥ መንገዳቸውን ቀስ በቀስ ለህዝብ እንዲከፍቱ መመሪያ አውጥታ ነበር፣ የቤት ባለቤቶቹ ተቆጡ፣ ለመንገዱ ከፍለናል አሉ፣ ስለዚህ የተሰራን መክፈት ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ለዛ ነው ፈቃድ ሳይሰጥ በፊት ከአጥሩ ውጪ የሚቀረው ሰው ይጠየቅ የምለው።

ለኛው ግቢ ደግሞ የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። ከጀርባ በኩል እግረኛ የሚያሳልፍ ጠባብ በር ይከፈት፣ ጠዋት ለአንድ ሰአት ያህል፣ ከሰአትም ለአንድ ሰአት ያህል፣ ጥበቃም ይቁምበት ካሜራም ይተከልበት። ጓደኛዬን ይሄን ለማህበሩ ስብሰባ አቅርብልኝ ብዬዋለሁ፣ ማመልከቻውን እንደድሮው እሱ እንዲፅፈው።

ከአንባቢያችሁ አንዱ