ለአሳማ አርቢ አባላት፦ ትኩሳትና የቆዳ መቅላት ሲታይ

አሳማ መብላት ሲያቆም ሙቀቱን በፊንጢጣ ለኩ። ጤነኛው 39 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከ40 ካለፈ ትኩሳት አለው። ጆሮ ዳስሶ መገመት በተለይ በደብረ ብርሃን ብርድ ያሳስታል።

ቆዳው ላይ አራት ማዕዘን ቅርጽ ያለው፣ ሲዳስሱት ከፍ ያለ ቀይ እብጠት ካለ ኤሪሲፔላስ የተባለው የባክቴሪያ በሽታ ሳይሆን አይቀርም። በጊዜ ከተደረሰበት ፔኒሲሊን በ1 ወይም በ2 ቀን ለውጥ ያሳያል፤ መጠኑን ሐኪሙ በክብደቱ ይወስን። ሰውንም በቁስል በኩል ስለሚይዝ ጓንት አድርጉ።

መድኃኒቱ ካልሠራ፣ ጆሮና ሆድ ከጠቆረ፣ ትልቅ ትንሹ መሞት ከጀመረ ግን የአፍሪካ አሳማ ትኩሳትን ጠርጥሩ። ቫይረስ ነው፣ መድኃኒት የለውም። «ሳይሞት እንረደው» ማለት በሽታውን ለጎረቤት ማደል ነው፤ ቫይረሱ ሥጋው ውስጥ ይቆያል። ከበረቱ ምንም አታውጡ፤ ለወረዳው የእንስሳት ሐኪም ወዲያው ንገሩ። የሆቴል ትራፊም እየተማሰለ 30 ደቂቃ ሳይፈላ አይሰጥ።