ራውቱ ወደ መጣበት እንዳይመለስ

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? ቤተሰብ ሁሉ ደህና ነው? እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ። ማን ቀድሞ ጠፋ የሚለውን ክርክር ካነሳን ደብዳቤው በዚያው ያልቃል፤ በአካል ስንገናኝ እንጣላበታለን።

መልእክትህን ሳይ ግን ሳቄ መጣ። ይህን ሁሉ ጊዜ ድምፅህን አጥፍተህ ከርመህ፣ ገና ሰላም ሳትለኝ፣ ዳታው ለምን ይሽከረከራል፣ የከለከልኩትስ ኔትወርክ ለምን ያልፋል ብለህ የራውተር ኮንፊግ (ኔትወርኮችን የሚያገናኘው መሣሪያ የሚሠራባቸውን ትእዛዞች) ትልክልኛለህ! ያው አንተው ነህ። ደስ ብሎኛል።

በል ወደ ጉዳዩ። በአንድ በኩል ሪፕ፣ በሌላ በኩል ኦኤስፒኤፍ አለህ፤ ሁለቱም ራውተሮች ራውት፣ ማለትም ወደ አንድ ኔትወርክ የሚያደርስ መንገድ፣ የሚነጋገሩባቸው ፕሮቶኮሎች ናቸው። መሀል ላይ ሁለት ራውተሮች ቆመው በሁለቱም አቅጣጫ ሪዲስትሪቢዩት ያደርጋሉ፤ አንዱ ፕሮቶኮል የሚያውቀውን ራውት ለሌላው ያስተላልፋሉ። አንዱ ቢወድቅ ሌላው እንዲሸከም ብለህ ነው፤ ልክ ነህ። ጣጣውም የመጣው ከዚያው ነው። ድንበሩ ላይ አንድ ራውተር ብቻ ቢኖር ኖሮ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ራውት ማፕም፣ ማለትም የትኛው ራውት ይለፍ የሚለው ደንብ ሳይኖር፣ ሰላም ታድር ነበር።

10.1.1.0/24 ሪፕ ውስጥ ያለ ኔትወርክ ነው እንበል። አንደኛው ራውተር ከሪፕ ተቀብሎ ወደ ኦኤስፒኤፍ ያስገባዋል። ሁለተኛው ያንኑ ኔትወርክ ከሁለቱም ወገን ይሰማል። ማንን ይመን? የሲስኮ ራውተር ላይ የሪፕ አድሚኒስትሬቲቭ ዲስታንስ፣ ማለትም የታማኝነት ደረጃው፣ 120 ነው፣ የኦኤስፒኤፍ 110። ትንሹ ያሸንፋል። ስለዚህ አጠገቡ ያለውን የሪፕ መንገድ ትቶ በኦኤስፒኤፍ በኩል ዞሮ ይሄዳል። ይባስ ብሎ ከኦኤስፒኤፍ የሰማውን መልሶ ወደ ሪፕ ይከተዋል። አንተ ደግሞ ሜትሪኩን (የመንገዱን ርቀት) 1 ብለህ ሰጥተኸዋል። የሪፕ ራውተሮች ታዲያ ከእውነተኛው መንገድ ይልቅ ይሄ ቅርብ ይመስላቸዋል። ፓኬቱ (የሚላከው ዳታ) ሲሽከረከር ይውላል። ፓኬቱ የሚያልፍበትን ለማየት ትሬስራውት ስታደርግ ያው ሁለት አድራሻ እየተፈራረቀ የመጣብህ ለዚህ ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ ዲስታንስ እየነካካ ሊገላገል ይሞክራል። ለእኔ ብቻውን አይዋጥልኝም። ዲስታንስ በዚያው ራውተር ላይ የሚቀር ነገር ነው፤ ከራውቱ ጋር አይጓዝም። ምርጫውን ብቻ ነው የሚያስቀይረው። እውነተኛው የሪፕ ራውት የወደቀ ዕለት ተደብቆ የነበረው የኦኤስፒኤፉ ብቅ ይላል፣ ወደ ሪፕም ይመለሳል፤ የሌለ ኔትወርክ አለ እየተባለ ይወራል።

እኔ የማምነው ታግን፣ ራውቱ ላይ የሚለጠፈውን ቁጥር፣ ነው። ዕቃ ኬላ ሲያልፍ ማህተም እንደሚመታበት አድርገህ አስበው። ከሪፕ ወደ ኦኤስፒኤፍ ለሚያልፈው በምትጽፈው ራውት ማፕ፣ በቅደም ተከተል ከሚነበቡት መስመሮች ቁጥር 10 ላይ ዲናይ (ከልክል) ብለህ ማች ታግ 110 (ታጉ 110 ከሆነ) በል። ቁጥር 20 ላይ ፐርሚት (አሳልፍ) ብለህ ሴት ታግ 120 (ታግ 120 ስጥ)። ከኦኤስፒኤፍ ወደ ሪፕ ለሚሄደው ደግሞ አገላብጠው፤ 120 ያለበትን ከልክል፣ ለሌላው 110 ስጥ። ሁለቱም ራውተሮች ላይ አንድ ዓይነት ይሁን። ቁጥሩ ራሱ ምንም ትርጉም የለውም፤ እንዳልረሳው ብዬ ነው ዲስታንሶቹን የምጠቀመው። ሪፕህ ግን ቨርዥን 2 መሆኑን እይ፤ ቨርዥን 1 ታግ አይሸከምም።

ይህ ዙሩን ይሰብርልሃል። ሁለተኛው ራውተር ዞሮ መሄዱን ግን አይተውም፤ 110 አሁንም ከ120 ያንሳል። እዚህ ላይ ነው ዲስታንስ የሚጠቅመው። የኦኤስፒኤፍን ኤክስተርናል፣ ማለትም ከሌላ ፕሮቶኮል የገቡ፣ ራውቶች ዲስታንስ ወደ 125 ከፍ አድርግ፣ ወደ ሪፑ ይመለሳል። በሪፕ ፈንታ ኢአይጂአርፒ የተባለውን ፕሮቶኮል ብትጠቀም ኖሮ ይህ ችግር ለራሱ ለኢአይጂአርፒ ኔትወርኮች አይነሳም ነበር፤ የውስጥ ራውቶቹ ዲስታንስ 90 ነውና ከኦኤስፒኤፍ ይቀድማል።

ሁለተኛውን ጥያቄህን ይበልጥ ወደድኩት። 192.168.50.0/24 እንዳያልፍ ከልክለኸው ለምን ያልፋል? ኮንፊግህን ደጋግሜ አየሁት። ፕሪፊክስ ሊስቱ (የኔትወርክ አድራሻዎች ዝርዝሩ) ውስጥ ዲናይ ብለኸዋል። ራውት ማፑ ግን ቁጥር 10 ላይ ፐርሚት ሆኖ ነው ያንን ሊስት የሚጠራው። እዚያ ውስጥ ዲናይ ማለት "ይህ እኔን አይመለከተኝም" ማለት እንጂ "ጣለው" ማለት አይደለም። ራውቱ ወደሚቀጥለው ቁጥር ይወርዳል። አንተ ቁጥር 20 ላይ ባዶ ፐርሚት አስቀምጠሃል፤ ማች የሌለው ፐርሚት ደግሞ የመጣውን ሁሉ ያሳልፋል። በቃ፣ በጓሮ በር ገባ።

ስለዚህ ሊስቱ ውስጥ ፐርሚት አድርገው፣ ክልከላውን ራውት ማፑ ይሥራው። ቁጥሮቹን በአሥር ያራራቅናቸው ለዚህ ነው፤ ሊስቱን የሚጠራውን የድሮውን ቁጥር 10 በታጉ ዲናይ ተካው፣ አለዚያ ራውቱ እዚያው ያልፋል፤ ከዚያ ቁጥር 15 ላይ ዲናይ ብለህ ሊስቱን ጥራ። መጨረሻ ላይ ያለውን ፐርሚት እንዳትነካው ግን! ራውት ማፕ ሲያልቅ ሳይጻፍ የሚሠራ ዲናይ አለው፤ ያ ፐርሚት ከሌለ አንድም ራውት አያልፍም።

ቁጥር 15ን ማጥፋት ብትፈልግ ደግሞ ቁጥሩን ጨምረህ አጥፋ። ስሙን ብቻ ከጻፍክ ማፑ ከነነፍሱ ነው የሚሄደው። ራውተርህ አሮጌ አይኦኤስ (የሲስኮ ሶፍትዌር) ያለው ከሆነ ወደ ኦኤስፒኤፍ ስታስገባ ሰብኔትስ የሚለውን ቃል አትርሳ፤ ካልጻፍከው የተከፋፈሉት ኔትወርኮች አያልፉም።

ስትጨርስ የኦኤስፒኤፍ ዳታቤዝ ላይ ኤክስተርናሉን አውጥተህ እይ፤ ታጉ እዚያ ይታያል። ከዚያ ከሪፕ በኩል አንድ ኔትወርክ አውርድና ከሁለቱም ራውተሮች መጥፋቱን ተመልከት። ያየኸውን ሁሉ ላክልኝ፣ አብረን እናየዋለን። ደግሞ እባክህ፣ በዚያው ስለ ራስህም ሁለት መስመር ጨምርበት፤ ሥራ ቀይሯል ሲሉ ሰምቼ ነበር። እውነት ነው?

ለቤተሰብ ሁሉ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ወዳጅህ