ኦቾሎኒ የት እንደሚያፈራ ለጠየቅሽኝ

አዳማ፣ ኅዳር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ዐይንሽ ስለደከመ ይህን ደብዳቤ የምታነብልሽ የእህቴ ልጅ ናትና ቀስ ብላ ታንብብልሽ፤ የምትፈልጊውን ቦታ ትድገምልሽ።

በፋሲካ ስመጣ የጠየቅሽኝን አልረሳሁትም። ደጃፍ ተቀምጠን ኦቾሎኒ ስንፈለፍል አንዱን ቅርፊት በጣቶችሽ መካከል ይዘሽ «ለመሆኑ ይህ የሚያፈራው ከቅርንጫፉ ነው ከሥሩ?» አልሽኝ። መልስ አልነበረኝም፤ አፈርኩ። ከባቢሌ በጆንያ የሚመጣውን ከድሬዳዋው ቀፊራ ገበያ መግዛት፣ መፈልፈል፣ በብረት ምጣድ መቁላት፣ በስኒ ሰፍሮ በወረቀት ጠቅልሎ መሸጥ የዕድሜ ልክ ሥራሽ ነበር። አራታችንም ያደግነው፣ እኔም የተማርኩት በእሱ ነው። ከመካከላችን ግን ተክሉን በቁሙ ያየ አልነበረም።

ስመለስ ከቋጠርሽልኝ ጥሬ ኦቾሎኒ አንድ ጭብጥ አስቀርቼ ሰኔ መግቢያ ላይ ዘራሁት። የተከራየሁበት ግቢ ሲሚንቶ ስለሆነ መሬት የለኝም። አራት የፕላስቲክ የአበባ ማሰሮ ገዛሁ፤ አከራዬ ደግሞ የተሰነጠቀ ትልቅ የልብስ ሳፋ ሰጡኝ። የሁሉንም ሥር በጋለ ሚስማር በስቼ፣ ሁለት እጅ አፈር ከአንድ እጅ የወንዝ አሸዋና ከጥቂት የበሰበሰ ፍግ ጋር ቀላቅዬ ሞላሁባቸው። ፍሬውን ቀይ ቆዳውን ሳልገፍ ሁለት ጣት ያህል አጥልቄ ቀበርኩት። በዘጠነኛው ቀን አፈሩን ሰንጥቆ ወጣ።

ቅጠሉ አራት አራት ሆኖ ይወጣል። ማታ ሲመሽ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይታጠፍና ጠዋት ፀሐይ ሲያገኘው ይዘረጋል። ከሥራ ስገባ መጀመሪያ የማየው እሱን ነበር።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ አበባ አወጣ። ቢጫ ነው እማዬ፣ የአተር አበባ የሚመስል፣ ከአውራ ጣት ጥፍርሽ የማይበልጥ። ጠዋት ይፈነዳል፣ ከሰዓት በኋላ ይጠወልጋል። መጀመሪያ ያየሁት ዕለት ፍሬው እዚያው ቅርንጫፉ ላይ እንደ ባቄላ የሚንጠለጠል መስሎኝ ነበር። አልሆነም። አበባው ከረገፈ ጥቂት ቀናት በኋላ ከነበረበት ቦታ ስፌት መርፌ የምታህል፣ ጫፏ የሾለ፣ ወይን ጠጅ ቀለም ያላት ቀጭን ዘንግ ወጣች። ወደ ላይ አላደገችም፤ አንገቷን ደፍታ ወደ አፈሩ ወረደች። በየቀኑ በክብሪት እንጨት እየለካሁ ተከታተልኳት። በስድስተኛው ቀን አፈር ነካች፣ በስምንተኛው ጫፏ ጠፋ። ፍሬው የሚያድገው እዚያ ጨለማ ውስጥ፣ በዚያች ዘንግ ጫፍ ላይ ነው። እንግዲህ መልሱ ይህ ነው፦ ከቅርንጫፉ ይጀምራል፣ መሬት ገብቶ ያፈራል። ሥር አይደለም። አንቺ በጥያቄሽ ሁለቱንም ይዘሽው ነበር።

አራቱ ማሰሮዎች ግን አሳዘኑኝ። ጠባብ ስለሆኑ ብዙዎቹ ዘንጎች ከአፋቸው አልፈው ውጭ ተንጠለጠሉና አፈር ሳያገኙ ደረቁ። ሳፋው ሰፊ ስለሆነ የወረደው ሁሉ አፈር ላይ አረፈ። ሌላም ጥፋት ነበረብኝ፦ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ከአፈሩ ጋር የቀላቀልኩት ለሳፋው ብቻ ነው። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ስነቅላቸው ከማሰሮዎቹ የወጣው አብዛኛው ቅርፊቱ ያማረ፣ ውስጡ ባዶ ሆነ። የግብርና ባለሙያ የሆነ ጎረቤቴ ሲያስረዳኝ፣ የኦቾሎኒ ፍሬ የሚያስፈልገውን ካልሲየም የሚያገኘው ከሥሩ ሳይሆን በራሱ ቅርፊት በኩል በዙሪያው ካለው አፈር ነው፤ አፈሩ ውስጥ ከሌለ ቅርፊቱ ይሠራል፣ ፍሬው አይሞላም። ከጆንያው ሥር ባዶ ቅርፊት ሲበዛብሽ «አታለሉኝ» ብለሽ የምታዝኚበት ጊዜ ትዝ አለኝ። ምናልባት ነጋዴው ሳይሆን መሬቱ ነበር።

ከሳፋው ከአንዱ ተክል ብቻ 27 ቅርፊት ቆጠርኩ። ሥሩ ላይ የሰናፍጭ ፍሬ የሚያካክሉ እባጮች አሉ። አንዱን በጥፍሬ ስከፍተው ውስጡ ሮዝ ቀለም አለው። ከአየር ናይትሮጅን ወስደው ተክሉን የሚመግቡት ባክቴሪያዎች የሚኖሩት እዚያ ነው፤ ስለዚህ ዩሪያ አያስፈልገውም። ዩሪያ ቢበዛበት ቅጠል ብቻ ይሆናል።

አንድ ነገር ግን ይቅርታ ልጠይቅሽ። ልጆች ሳለን የሻገተውንና የተጨማደደውን እየለቀምሽ ስትጥዪ «ገንዘብ ነው እኮ» እያልን እንከራከርሽ ነበር። በእርጥበት ኦቾሎኒ ላይ የሚወጣ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል ጉበት የሚጎዳ መርዝ ሊያፈራ ይችላል፤ ቢቆሉትም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ማንም ሳያስተምርሽ ስንቱን ሰው ጠብቀሻል! እኔም የነቀልኩትን ጥላ ሥር ዘርግቼ፣ ስነቀንቀው ፍሬው ቅርፊቱ ውስጥ እስኪንኳኳ ድረስ ሁለት ሳምንት አደረቅሁት።

አሁን ልለምንሽ የመጣሁት ነገር አለ። ሱቁን ከተውሽ ወዲህ ቀኑ እንደሚረዝምብሽ በድምፅሽ አውቃለሁ። ድሬዳዋ ከአዳማ ይሞቃልና ለኦቾሎኒ ከዚህ የተሻለ አገር ነው። ታናሼ በሚቀጥለው ሳምንት ሲመጣ ከነቅርፊቱ ሃያ ፍሬ ይዞልሽ ይመጣል። አሁን ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ እስከ የካቲት አጋማሽ በደረቅ ቦታ ይቀመጥ። አፈሩንና አሸዋውን እሱ ይሸከም፤ አንቺ አትንኪው። ጥልቀቱ አንድ ስንዝር ከአራት ጣት የሚሆን፣ አፉ የሰፋ ሳፋ ፈልጉ። ጎንበስ እንዳትዪ በርጩማ ላይ ይቀመጥ፣ ጠዋት ፀሐይ በሚያገኘው በበሩ በቀኝ በኩል። የእንቁላል ቅርፊቱን ከአሁኑ አጠራቅሚ፤ ቶሎ ስለማይሟሟ ቀድሞ ከአፈሩ ጋር መቀላቀል አለበት። አፈሩ ሲደርቅ በጣሳ አጠጪው፣ አይጨቅይ። አበባ ከጀመረ በኋላ ዙሪያውን በጣትሽ ብቻ ፈታ ፈታ አድርጊው እንጂ በመኮትኮቻ አይነካ፤ ዘንጎቹ ይቆረጣሉ።

መቼ እንደሚነቀል አንቺን አላስተምርሽም። ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን አንድ ቅርፊት አውጥተሽ ክፈቺውና ውስጡን በጣትሽ ዳስሺው። ከዚያ በኋላ የሚነግረኝ የአንቺ እጅ ነው።

አበባውን ያየሽ ዕለት ግን ጠዋቱን ደውዪልኝ፤ ከሰዓት በኋላ አይቆይም።

የምትወድሽ ልጅሽ