ሆቴል አላት አልኳት

ግላስጎው፣ ነሐሴ 2

እማዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? እንኳን ለፍልሰታ ጾም በሰላም አደረሰሽ። እኔ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ባለፈው እሑድ ስንደዋወል መስመሩ እየተቆራረጠ የጉዞዬን ነገር ሳልነግርሽ ቀረሁ። ደህና ቢሰማም በስልክ የሚያልቅ አልነበረም። ዓይንሽን እንዳያደክምሽ ፊደሉን ተለቅ አድርጌ ነው የጻፍኩት።

ሐምሌ ላይ 5 ቀን እረፍት ወስጄ ወደ ስኮትላንድ ሰሜን ምዕራብ፣ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ሄጄ ነበር። አብራኝ የምትሠራ ልጅ ናት በመኪናዋ የወሰደችኝ። የሄድንበት አገር ተራራ ነው፣ በግ ነው፣ ተራራ መሃል ሰንጥቆ የገባ ባሕር ነው። ሰው የሌለበት ሲመስልሽ ድንገት ጥቂት ነጫጭ ቤቶች ውሃው ዳር ተደርድረው ታያለሽ። በየመንደሩ አንድ ሁለት ትንሽ ሆቴል አይጠፋም። ታች ምግብ ቤትና መጠጥ ቤት፣ ላይ 6 ወይም 8 አልጋ። ባለቤቶቹም እዚያው ይኖራሉ። እማዬ፣ ቁጭ የደጀኑ ቤትሽ።

የመጀመሪያው ማታ ግን ከፍቶኝ ነበር። የዚያን መንደር ስም አልጠራልሽም። አልጋ ከ3 ወር በፊት ይዘናል። ሐምሌ ላይ ቀድመሽ ካልያዝሽ አታገኚም። መንገድ ላይ ዘገየንና በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ40 ደረስን። ወጥ ቤቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ተዘግቷል። በ10 ደቂቃ! በአካባቢው ሌላ የሚበላ የሚሸጥ የለም። የታሸገ ድንች ጥብስ በልተን ተኛን። አልጋው ላይ ሆኜ አንቺን ነበር የማስበው። እኩለ ሌሊት ላይ በር ያንኳኳ ሾፌር ሽሮ ሳይበላ ሲያድር አይቼ አላውቅም። «እሳት ጠፍቷል» ስትይ ሰምቼሽ አላውቅም።

በማግስቱ ነገሩ ገባኝ። ወጥ ቤት ውስጥ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው። ማታ እራት የሠራው ሰው ጠዋት ቁርስ ይሠራል። ድሮ በጋ በመጣ ቁጥር ከፖላንድ፣ ከሩማንያ፣ ከስፔን ወጣቶች እየመጡ ይሠሩ ነበር። ብሪታንያ በፈረንጆቹ 2020 ከአውሮፓ ኅብረት ከወጣች ወዲህ እነሱን ማግኘት ከባድ ሆኗል። የአገሩ ልጅ ደግሞ መኖሪያ የለውም። ጥሩ ጥሩውን ቤት የከተማ ሰው ለእረፍት እየገዛው በዓመት ጥቂት ሳምንት ብቻ ይተኛበታል። የዚያ ሆቴል ወጥ ሠሪ ከቤቱ ጀርባ በቆመች ተጎታች መኪና ውስጥ ነው የሚኖረው። ይህን ስሰማ ቅሬታዬ ለቀቀኝ።

ቁርሳቸውን ብታዪ ትደነግጫለሽ። አንድ ሳህን ላይ የአሳማ ሥጋ፣ ቋሊማ፣ እንቁላል፣ እንጉዳይ፣ ባቄላ ይደረድሩልሻል። ደም ከአጃ ጋር የተጋገረበት ጥቁር ነገርም አለው። ያን አልነካሁም፣ አትጨነቂ። ደግሞም ረቡዕ ነበር። ሃጊስ የሚሉት ግን አለ፤ የበግ ልብ፣ ጉበትና ሳንባ ተከትፎ ከአጃና ከሽንኩርት ጋር የሚበስል። ሐሙስ ጠዋት ቀመስኩት። በርበሬው አነሰ እንጂ ዱለት ነው። ስኮትላንዳዊቷ ጓደኛዬ «እንግዳ ሰው ይጸየፈዋል» ብላ ፊቴን ስታይ ነበር። ያንቺ ልጅ ዱለት ትጸየፋለች?

ረቡዕ ያደርነው ፕሎክተን በምትባል መንደር ነው። ባሕሩ እንደ ጓዳ ውሃ ጸጥ ያለ ነው። ዘንባባ የሚመስሉ ዛፎች ዳር ዳሩን ቆመዋል። በዚህ ብርድ አገር እንዴት በቀሉ ብትይ፣ ከሩቅ የሚመጣ ሞቃት የባሕር ጅረት አካባቢውን ከከባድ ውርጭ ይጠብቀዋል። ደስ የምትል መንደር ናት። ልቤ የቀረው ግን ሌላ ቦታ ነው።

ሐሙስ ዕለት አንድ ተራራ አቋረጥን። በላክ ና ባ ይሉታል፣ በአገሩ በጌሊክ ቋንቋ የከብቶች መተላለፊያ ማለት ነው። መንገዱ ከባሕሩ ጠርዝ ተነስቶ 626 ሜትር ይወጣል። የሚያሳልፈው አንድ መኪና ብቻ ነው። ከፊትሽ ሌላ ከመጣ አንዳችሁ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ ማሳለፊያዋ ላይ ትቆማላችሁ። ያለፈው እጁን አንስቶ ሳያመሰግን አይሄድም። ጓደኛዬ መሪውን ጨብጣ ትንፋሿን ይዛለች። እኔ ዓባይ በረሃን እየወጣሁ እየወረድኩ ያደግኩ ሰው ነኝ፣ «ቀስ በይ፣ በማርሽ ውረጂ» እያልኩ ሳጽናናት ነበር። ከተራራው ማዶ ያለችው አፕልክሮስ በፈረንጆቹ 1970ዎቹ የባሕር ዳሩ መንገድ እስኪሠራላት ድረስ በመኪና መግቢያዋ ይኸው ብቻ ነበር። ክረምት ላይ በረዶ ሲዘጋው ሰዉ በቃ እዚያው ይቀር ነበር። ናዳ በረሃውን የዘጋበት ክረምት ትዝ አለኝ። ምግብ ቤቱ ወለል ላይ ፍራሽ አንጥፈሽ ሾፌሮቹን 3 ቀን ያሳደርሻቸው። የመኝታ ሒሳብ አልተቀበልሽም። ያኔ እኔ አልጋዬን ለአንዲት አራስ ለቅቄ አኩርፌ ነበር።

አላፑል የደረስነው ሐሙስ ከሰዓት ነው። ሁለት ሌሊት አደርን። በፈረንጆቹ 1788 ሄሪንግ የሚባለውን ዓሣ ለማጥመድ ተብላ የተመሠረተች መንደር ናት። መንገዶቿ ቀጥ ቀጥ ያሉ፣ ቤቶቿ ነጫጭ፣ ፊታቸውን ወደ ውሃው ያዞሩ። ከወደቡ ሉዊስ ደሴት ላይ ወዳለችው ስቶርኖዌይ ከተማ የሚሻገር ትልቅ መርከብ ይነሳል፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይሄዳል። በሐምሌ ፀሐይ የምትገባው ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ነው። እራት በልተሽ ወጥተሽ ወደቡ ላይ ጋዜጣ ማንበብ ትችያለሽ። ሚጅ የምትባል ከትንኝ የምታንስ ተናካሽ ካልመጣችብሽ ማለቴ ነው።

እራት ላይ ምግቡ የሚጻፈው በጠመኔ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ነው። ያለቀውን በጨርቅ ያጠፉታል። ጓደኛዬ ላንጉስቲን አዘዘች። ባሕሩ ወለል ላይ ቅርጫት በገመድ አውርደው የሚይዙት፣ ሮዝማ፣ ጥፍር ያለው ነገር ነው። አብዛኛው በሕይወቱ እንዳለ መኪና ላይ ተጭኖ ስፔንና ፈረንሳይ ይሄዳል። እዚያው በወጣበት ወደብ ሲበላ ማየት ብርቅ ነው አለችኝ። እኔ ክንፍና ቅርፊት የሌለው አልበላም ብዬ ኩለን ስኪንክ አዘዝኩ። የዓሣ ሾርባ ነው። በጢስ የታጠነ ሃዶክ የሚባል ዓሣ በወተት ይቀቀላል። ድንች ግማሹ ተፈጭቶ ግማሹ እንዳለ ይገባል። ሽንኩርት በቅቤ፣ በቃ ሌላ የለውም።

የመጀመሪያውን ማንኪያ ስቀምስ ዝም አልኩ። ጢስና ወተት። አያቴ ቤት በወይራ የታጠነው ቅል ውስጥ የምንጠጣው ወተት ነው የመጣብኝ። ጨው ያለው፣ ዓሣ ያለው፣ ግን ያው የወይራ ጢስ። ጓደኛዬ «ምን ሆንሽ?» አለች። ማስረዳት አልቻልኩም። ማንኪያዬን አስቀምጬ ሳህኑን ብቻ አየሁት። ከዚያ ጨረስኩት፣ በዳቦ ጠራርጌ።

የቤቱ ባለቤት ከ70 ያለፈች ሴት ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቱን ብቻዋን ነው የያዘችው። አርብ ጠዋት ጾም ነው፣ ሥጋም ወተትም እንቁላልም አልበላም አልኳት። እስከ ቀትር መቆየት ነበረብኝ፣ አልቆየሁም፤ ይቅር በይኝ። ሴትዮዋ ግን ምንም አልገረማትም። እናቷ የአጃ ገንፎ የምትሠራው በውሃና በጨው ብቻ እንደነበር ነገረችኝ። ወጥ ቤት ገብታ ራሷ ሠራችው። በሩ ክፍት ነበር፣ አየኋት። ለስላሳ የእንጨት ዱላ አላቸው፣ ያንቺው ማማሰያ ነው። አጃውን በግራ እጇ እየበተነች በቀኟ ታማስላለች፣ ሳታቋርጥ፣ ጉልበቷን ምድጃው ላይ ደገፍ አድርጋ። እንዳንቺ፣ እማዬ። ልክ እንዳንቺ ቀኙን እግሯን አሳርፋ።

አጥሚት ይመስላል፣ ትንሽ ጠንከር ይላል። ሌላው እንግዳ ወጥቶ ነበርና ሻይዋን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። የወደቡን ነገር አጫወተችኝ። በ1970ዎቹና በ80ዎቹ የሶቪየትና የምሥራቅ አውሮፓ ትልልቅ መርከቦች እየመጡ እዚያ ባሕር ላይ መልሕቅ ይጥሉ ነበር። ማኬሬል የሚባለውን ዓሣ ከአገሬው ጀልባ እየገዙ እዚያው ያሽጉታል። መርከበኞቹ መንደሯን ይሞሏታል። የነሱን ቋንቋ ሳታውቅ በምልክት ሻይ ትሸጥላቸው እንደነበር ነገረችኝ። ዛሬ ደግሞ ሌላ ነው። በፈረንጆቹ 2015 ሰሜኑን ዙሮ የሚመለስ 830 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን የጉብኝት መንገድ ተዋወቀ፣ ኤንሲ 500 ይሉታል። መኪናው በዝቷል። ብዙው ግን መኝታውንም ምግቡንም መኪናው ውስጥ ይዞ ነው የሚመጣው። አልጋ አይይዝም። ቆሻሻውን መንገድ ዳር ጥሎ ያልፋል። ይህን ስትናገር አልተቆጣችም፤ አዝና ነበር።

ከዚያ «እናትሽ ምን ትሠራለች?» ብላ ጠየቀችኝ።

እማዬ፣ ይህን ልነግርሽ ነው ደብዳቤውን የጀመርኩት። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ፎርሙ ላይ «የቤት እመቤት» ብዬ ነው የሞላሁት። እዚህ ለጠየቀኝ ሁሉ «ነጋዴ ናት» እላለሁ። ልብሴ ሽንኩርት ይሸታል ብዬ ትምህርት ቤት አፍር ነበር። የሰከረ ሰው ግቢው ውስጥ ሲጮህ ያደገች ልጅ እንዳይሉኝ ፈርቼ ደጀንን ሳወራ ሆቴሉን እዘላለሁ። አንቺ በዚያ ሆቴል አስተማርሽኝ። የአውሮፕላን ትኬቴን በዚያ ሽሮ ገዛሽልኝ። እኔ 20 ዓመት ደበቅኩት።

ሴትዮዋን «ሆቴል አላት» አልኳት። ትንሽ ናት አላልኩም። 8 አልጋ፣ ታች ምግብ ቤት፣ ከገደሉ አፋፍ ላይ አልኳት። ጽዋዋን አስቀምጣ እጄን ያዘችኝ። ሳሙናና ብርድ ያደረቀው እጅ ነው፣ አውራ ጣቷ ላይ የቢላ ጠባሳ አለ። ከዚያ በኋላ እንደ እንግዳ አላየችኝም። አንሶላ በስንት ቀን እንደምትቀይሪ፣ ሠራተኛ ከየት እንደምታገኚ፣ ሳይከፍል የሚሄድ እንዳለ ሁሉ ጠየቀችኝ። ሁሉንም መለስኩ። የማውቀው አይመስለኝም ነበር፣ ለካ ሁሉንም አውቀዋለሁ።

ይቅር በይኝ፣ እማዬ።

አንድ ነገር ደግሞ ልለምንሽ። አምና ወንድሜ ይሸጥ ሲል እኔም «ይብቃሽ፣ ዝጊው» ብዬሽ ነበር። ስለ ጉልበትሽ ብዬ ነው፤ ግን የሸክም ዕቃ እንደሚጣል አድርጌ ተናገርኩት። ያን አነጋገሬን መልሼ ወስጄዋለሁ። መሸጥም አለመሸጥም ያንቺ ነው። እዚህ ግን አንድ ነገር አየሁ። አብዛኛዎቹ እነዚህ ሆቴሎች ከኅዳር እስከ መጋቢት ድረስ ይዘጋሉ። ሴትዮዋም ትዘጋለች። ቀለም ትቀባለች፣ ትተኛለች፣ ልጆቿ ጋ ትሄዳለች። አንቺም በዓመት 2 ወር ዝጊው። የሠራተኞቹን ደሞዝ እኔ እልካለሁ፣ ማንም አይበተንም። «ናዳ መንገድ ሲዘጋ ሰው የት ይደር?» እንደምትይኝ አውቃለሁ። ስለዚህ ክረምትን አልልሽም። ከጥር በኋላ ያለውን ምረጪ፣ ሁዳዴንም በእርጋታ ትጾሚዋለሽ። ጉልበትሽንም አዲስ አበባ ወስደን እናሳየዋለን። እኔ እመጣለሁ።

አጃ 2 ኪሎ ልኬልሻለሁ፣ አገር ቤት የምትመጣ ልጅ ይዛዋለች። በውሃና በጨው ሞክሪው፣ ለጾሙ ይሆንሻል። ሳታቋርጪ አማስዪው፣ አለዚያ ይጓጉላል።

ኧረ ሌላም አለ። ሴትዮዋ ስሰናበታት ጥያቄ ሰጥታኛለች። ንፋስ በርትቶ መርከቡ ሲቀር 40 ሰው በአንድ ጊዜ እየገባባት ትቸገራለች። እናትሽ አውቶቡስ ሳይነገራት ሲመጣባት ምን ታደርጋለች ብላኛለች። እኔ እንጀራው ሁልጊዜ እንደነበረ ብቻ ነው የማስታውሰው። ስንት ሞሶብ ታስቀምጪ ነበር? ሽሮውንስ ቀድመሽ ነው የምትጥጂው? እሑድ ስደውል ንገሪኝ፣ ጽፌ እልክላታለሁ።

ልጅሽ