ተናዶ መሮጥና ንዴትን ለማብረድ መንቀሳቀስ አንድ አይደሉም

ለጋዜጣው ክቡር አዘጋጅ፣

«ሲናደዱ ይሩጡ፤ ንዴቱ በላብ ይወጣልዎታል» የሚለው ምክር በሬዲዮም በሰፈርም ይነገራል። እኔም አምኜበት የቆየሁ ሰው በመሆኔ፣ የደረሰብኝንና የተረዳሁትን ለአንባቢያን ለማካፈል ይህን ጽፌያለሁ።

የምኖረው በአዲስ አበባ ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ፣ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ከሥራ ወጥቼ መገናኛ ላይ ለታክሲ ተሰልፌ፣ ከረዳቱ ጋር በመልስ ተጨቃጭቄ ቤቴ ስደርስ ቁጣዬ የሚያርፈው ምንም ባላጠፉት ልጆቼ ላይ ነበር። ትልቋ ልጄ የቁልፌን ድምፅ ስትሰማ ወደ መኝታ ክፍል እንደምትሸሽ ባለቤቴ ስትነግረኝ እጅግ ደነገጥኩ። ከዚያ ወዲህ ንዴት በያዘኝ ምሽት ሁሉ ልብሴን ቀይሬ ዳገቱን ሽቅብ መሮጥ ጀመርኩ። እየሮጥኩ ግን በሐሳቤ ከረዳቱና ከአለቃዬ ጋር እሟገት ስለነበር፣ ከወጣሁበት ይልቅ ብሼ የተመለስኩባቸው ምሽቶች ጥቂት አልነበሩም።

ምክንያቱን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ንዴት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ብርቱ ሩጫም የሚያደርገው ይህንኑ ስለሆነ፣ የጋለውን ሰውነት ይበልጥ ያግለዋል። በ2024 እ.ኤ.አ. የታተመና 154 ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ፣ ንዴትን የሚቀንሱት እንደ ዝግ ያለ ትንፋሽና ጡንቻን ማፍታታት ያሉ ሰውነትን የሚያረጋጉ ልምምዶች መሆናቸውን፣ የሶምሶማ ሩጫ ግን ንዴትን ሊያባብስ እንደሚችል፣ የኳስ ጨዋታ ደግሞ እንደሚቀንሰው አሳይቷል። በ52 አገሮች ከ12,000 በላይ የልብ ሕመምተኞችን ያካተተው የ2016 እ.ኤ.አ. ጥናትም፣ በተናደዱበት ሰዓት ከባድ እንቅስቃሴ ማድረግ ለድንገተኛ የልብ ሕመም የመጋለጥን ዕድል ሦስት እጥፍ ያህል ከፍ እንደሚያደርግ አመልክቷል። ማለዳ በሰንዳፋ መንገድ ሲሮጡ የምናያቸው አትሌቶቻችን በእቅድና በአሠልጣኝ የሚሮጡ እንጂ ቂማቸውን ተሸክመው የወጡ አይደሉም።

ስፖርት ለንዴት አይጠቅምም ማለቴ ግን አይደለም። እኔ አሁን ከታክሲው ቀደም ብዬ ወርጄ፣ ከሰው ጋር ማውራት በሚያስችል እርምጃ ትንፋሼን እያረዘምኩ ግማሽ ሰዓት በእግሬ እሄዳለሁ። ይህን በሳምንት አምስት ቀን ማድረግ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች ቢያንስ ይሁን የሚለውን 150 ደቂቃ ይሞላል። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ከጎረቤቶቼ ጋር ኳስ እጫወታለሁ። ኳስ ዓይንንና አእምሮን ስለሚይዝ ያለፈን ክርክር ለማውጠንጠን ጊዜ አይሰጥም፤ የጠለፈኝም ሰው እጁን ዘርግቶ ያነሳኛል።

ይሁን እንጂ ኳስ ሜዳ ይፈልጋል። በብሎኮቻችን መካከል የነበረው ክፍት ቦታ ነዋሪው ሳይጠየቅ በቆርቆሮ ከታጠረ ወዲህ፣ ወጣቶቹ መኪና በሚያልፍበት አስፋልት ላይ ይጫወታሉ፤ እኛም ጨዋታችንን ወደ ራቀ ሜዳ አዛውረናል። የሚመለከታቸው ኃላፊዎች ቦታው ለምን እንደታጠረ ለነዋሪው እንዲያስረዱና ለጨዋታ የሚሆን ስፍራ እንዲተዉልን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ቤት ለቤት ሲዞሩ በንዴት ሰዓት መጀመሪያ መረጋጋት፣ ብርቱ እንቅስቃሴውን ግን ለሌላ ሰዓት ማቆየት እንደሚገባ እንዲያስተምሩ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የየካ አባዶ ነዋሪ