ቋንጣው አልደረሰኝም

እትዬ፣

እንደምን ከርማችኋል? እኔ ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እዚህ ኖርዌይ፣ የበርገን ከተማ ዝናብ አያባራም እንጂ ብርዱ ከጣርማበር አይብስም፤ አታስቡ።

ዝም ያልኩት ረስቻችሁ አይደለም። እማዬ በሰው የላከችው ቋንጣ እዚህ ኤርፖርት ላይ ተወሰደ። ከአውሮፓ ውጭ የመጣ ሥጋ ይዞ መግባት በሕግ ክልክል ነው፤ ያመጣው ልጅ ምን ያድርግ? «ጣመህ ወይ፣ ልጄ?» ስትለኝ ምን እንደምመልስ ጨንቆኝ መደወሉ ከበደኝ። አንቺው ንገሪልኝ። ሕግ ሆኖ እንጂ ማንም እጇን ንቆ እንዳልጣለው ይግባት።

እኔን የቆጨኝ ሥጋው አይደለም። የመስቀሉን ቅርጫ በጣት ስፋት ስትዘለዝል፣ ጮማውን «ይሻግታል» ብላ ስትለይ፣ በጨውና በበርበሬ አሽታ ከምድጃው በላይ ገመዱ ላይ ስትሰቅል ይታየኛል። መስከረም እርጥበቱ ገና አይለቅም፤ ደረቁ ብርድ እስኪገባ ዝንቡንም ሻጋታውንም የሚከለክለው ጭሱ ነው። ታዲያ ኩበት እየጨመረች ስንት ቀን ጭስ ውስጥ ተቀመጠች? ሐኪሙ ጨው ቀንሺ፣ ከጭስ ራቂ ካላት በኋላ! የደም ግፊቷን ነገር እንኳ የሰማሁት ካንቺ ነው፤ እሷማ መች ትናገራለች።

«ከሩቅ ሆኖ ማዘዝ ይቀላል» ብለሽኛል። ይሁን፣ ልክ ነሽ። ግን የላክሁት ገንዘብ ለወጥ ቤቱ ነው፣ ለሠርጉ ለብቻው እልካለሁ። ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ ይሠራላት። «ያለ ጭስ ምን ቋንጣ አለ?» ትልሻለች። በጥር የመንዝ ነፋስ ደረቅ ነው፤ ሥጋው ከሳሳና ጨው ከጠገበ፣ ዝንብ እንዳይነካው በስስ ጨርቅ ተከልሎ ጥላ ሥር ይደርቃል። ጨዉን ግን ከቋንጣው ላይ እንዳትቀንሱ፤ ውኃውን የሚስበው እሱ ነው፣ ካነሰ ሥጋው ይበላሻል። የሚቀነሰው ከእሷ ሳህን ነው። ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች፣ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ የማይሞላ፣ ይላል የዓለም ጤና ድርጅት፤ ያውም ከሽሮውም ከእንጀራውም ጋር ተደምሮ። ቋንጣ ካማራት ዘፍዝፋችሁ ውኃውን ድፉት፤ እሱም ቢሆን አልፎ አልፎ ነው።

እዚህም የበግ ጎድን በጨው አሽተው ያደርቃሉ፣ በጭስ የሚያጥኑትም አሉ። ፒነሾት ይሉታል፣ የገና ዋዜማ ምግባቸው ነው። ጨዉ እንዲለቅ ሌሊቱን ውኃ ውስጥ አድሮ ነው በእንፋሎት የሚበስለው። አምና አብሮኝ የሚሠራ ሰው ቤት ጋብዞኝ ሽታው አፍንጫዬን ሲመታው እንባዬ መጣ። የቤቱ እመቤት «ምነው አልበላህም?» አለችኝ፣ ጠግቤያለሁ አልኳት።

ሙሽሪትን በስልክ ስትስቅ ሰማኋት። ስወጣ እኮ የትምህርት ቤት ቦርሳዋ ከእሷ ይበልጥ ነበር። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ በአባዬ ቦታ ማን ተቀመጠ? ማንም አልጻፈልኝም። እኔ ነበርኩ መቀመጥ የሚገባኝ። ለጥር አልደርስም፣ እትዬ፤ የወረቀቱ ጉዳይ አላለቀም፣ አሁን አትጠይቂኝ። ልጁ ደግ ነው ብለሽኛል፣ ቃልሽን አምኛለሁ። ቢሆንም አንድ ጊዜ በስልክ አገናኚኝ፤ የምለው ባይኖረኝም ድምፁን ልስማው።

ለሙሽሪት አንድ አደራ አለኝ። ከሠርጉ በሬ የሚዘለዘለውን ራሷ ትዘልዝለው፣ እማዬ ወንበር ላይ ሆና ታሳያት። ቋንጣው በደንብ ከደረቀ የዐቢይ ጾምን 55 ቀን አልፎ ለፋሲካ ይደርሳል። እማዬ ጨው የምትለካው በእፍኝ ነው፤ ሙሽሪት ያንን እፍኝ በሚዛን ትመዝን፣ ለአንድ ኪሎ ሥጋ ስንት እንደሚገባ ጽፋ ትላክልኝ። እዚህ የበግ ሥጋ ገዝቼ እሞክረዋለሁ። ለእማዬም «በአንቺ ልክ ሠርቼ በላሁ» እላታለሁ።

እማዬ ደብረ ብርሃን ለክትትል የምትወርድበትን ቀን አስቀድመሽ አሳውቂኝ፤ የመኪናውንም የመድኃኒቱንም እኔ እልካለሁ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እደውላለሁ፣ ስልኩን ለእማዬ ስጫት።

ወንድምሽ